60 ሳይሞላን የጤና መድን ደብተራችንን እናሰናዳ

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ልብስ ስሰፋ 34 ዓመት ሆነኝ። እድሜዬ 58 ነው። ታላቅ ወንድሜ መምህር ስለነበር በ60 ዓመቱ ጡረታ ወጥቷል። እኔ ግን የስፌት መኪናዬን ያቆምኩ ቀን ገቢዬም አብሮ ይቆማል። የሕክምናዬን ነገር ከወዲሁ የያዝኩት ለዚህ ነው፤ ለእኩዮቼም የማውቀውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጡረታንና ጤና መድንን ለዩ። ወንድሜ እንኳ ከደመወዙ የሚቆረጠው 7 በመቶ ለሕክምናም የሚሆነው ይመስለው ነበር። አይደለም። የሠራተኛው 7 በመቶም፣ አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶም ለጡረታ ነው። የሕክምናው ሕግ ሌላ ነው፦ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690። ደመወዝተኛውንና ጡረተኛውን እንዲይዝ የታሰበ ቢሆንም ከታወጀ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል። ስለዚህ ደመወዝተኛ ከሆናችሁ ክሊራንስ ከመጨረሳችሁ በፊት የሰው ኃይል ክፍሉን “ከወጣሁ በኋላ ሕክምናዬን የሚሸፍነው ማን ነው?” ብላችሁ ጠይቁ።

እንደ እኔ በግሉ ለሚሠራ፣ ለገበሬውና ለቸርቻሪው ያለው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ጎረቤታችን ፎገራም አንዷ ነበረች። የሚመዘገበው አንድ ሰው ሳይሆን ቤተሰቡ በሙሉ ነው። መዋጮው በዓመት አንዴ ይከፈላል፤ መጠኑ ስለሚከለስ የዘንድሮውን ከቀበሌያችሁ ስሙ። 18 ዓመት የሞላው ልጅ ካላችሁ ለብቻው ጠይቁ፣ ለእኔ ልጅ ተጨማሪ ከፍያለሁ። መክፈል ጨርሶ የማይችል ጎረቤት ካላችሁም መንግሥት የሚከፍልለት የድሃ ድሃ ዝርዝር እንዳለ ንገሩት። ብዙዎች ይህን ሳያውቁ ቤታቸው ተኝተው ይታመማሉ።

ደብተሩን ስትቀበሉ ከመስኮቱ ሳትርቁ ገልጣችሁ አንብቡት። የባለቤቴ የአባት ስም በአንዲት ፊደል ተሳስቶ ነበር፤ እኔም ሳላየው ኪሴ ከተትኩት። ከወራት በኋላ ወገቧን ይዟት ስናስገባት ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ደብተሩንና መታወቂያውን ጎን ለጎን አድርጋ አየችና “አባባ፣ ይሄ አይገጥምም” አለችኝ። ባለቤቴ አግዳሚው ላይ ጎኗን ይዛ ታቃስታለች፣ እኔ በባጃጅ ቀበሌ እመላለሳለሁ። ማኅተም ያለበት ማስተካከያ ይዤ እስክመለስ እኩለ ቀን አለፈ። ያንን ጠዋት ባሰብኩት ቁጥር አሁንም ያመኛል። ስም፣ እድሜ፣ ፎቶ፣ የዓመቱ ማኅተም፦ አራቱንም እዩ።

የማሳደሻው ጊዜ እንዳያልፋችሁ። ጤነኛ ነኝ ብሎ አንድ ዓመት የዘለለ ሰው የሚታመመው በዚያው ዓመት ሊሆን ይችላል። እኔ ገንዘቡን የምይዘው ከጥምቀት ስፌት ነው፤ ያኔ ሥራ ይበዛልኛልና አንዱን የሱሪ ዋጋ ለመድን ብዬ እለያለሁ።

ስትታመሙ በቅድሚያ ወደ ተመደባችሁበት ጤና ጣቢያ ሂዱ። ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ብትሄዱ ወጪው ወደ ኪሳችሁ ይመጣል። ሰልፉ ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ግን ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው በየወሩ የሚከታተለው እዚያው ጤና ጣቢያ ስለሆነ ከባለሙያዎቹ ጋር ቀድሞ መተዋወቁ ይጠቅማል።

መድኃኒቱ “የለም፣ ከውጭ ግዙ” ከተባላችሁ ወዲያው አትግዙ። ውል ያለው ፋርማሲ የት እንዳለ እዚያው ያለውን የመድን ሠራተኛ ጠይቁ። የግድ ከገዛችሁም ማዘዣውንና ደረሰኙን አትጣሉ።

መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ መድኑ ውስጥ አይገቡም። ለልብስ ሰፊ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ አሁን ጥቁር ክር በመርፌ ቀዳዳ የማስገባው መስኮት ሥር ቆሜ ነው። ስለዚህ ከመድኑ መዋጮ ሌላ በአንዲት የቡና ቆርቆሮ ለመነጽር አጠራቅማለሁ። ደብተሩም ከቆርቆሮዋ ጋር በስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ልጄም ባለቤቴም ቦታውን ያውቃሉ።