የበዓል ኮክቴል በበረዶ እንዳይቀጥን

ለበዓል እንግዳ ኮክቴል ስታቀርቡ ጣዕሙን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ በረዶው ነው። ጨዋታው ሲደራ ብርጭቆው ይረሳል፣ በረዶው ይቀልጣል፣ መጠጡም ውሃ ውሃ ይላል።

በረዶውን ከውሃ ሳይሆን ከከርከዴ ሥሩት። አንድ እፍኝ የደረቀ ከርከዴ በ1 ሊትር ውሃ አፍሉ። ቀረፋና ሁለት ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ ጣል አድርጉበት፤ የገና ሽታ የሚሰጠው እሱ ነው። ስኳሩን ግን ቀነስ አድርጉት፤ ሲበዛ በረዶው በደንብ አይጠነክርም። አጥልሉት፣ ሲበርድ የበረዶ መሥሪያው ላይ ሞልታችሁ ከዋዜማው ማታ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት።

እንግዳ ሲመጣ በየብርጭቆው 40 ሚሊ ሊትር ያህል ጂን ወይም ቮድካ፣ ትንሽ የሎሚ ጭማቂ፣ ከዚያ የከርከዴውን በረዶ። ጋዙ እንዳይወጣ አምቦ ውሃውን መጨረሻ ላይ ክፈቱት። በረዶው በቀለጠ ቁጥር መጠጡ በመቅጠን ፈንታ ቀለምም ጣዕምም ይጨምራል። አልኮል ለማይጠጡና ለልጆች አምቦ ውሃውና በረዶው ብቻ ይበቃል፤ እውነት ለመናገር እሱም በጣም ይጣፍጣል።

ጂኑን ወይም ቮድካውን ከከርከዴው ጋር ቀላቅላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡ። አልኮል የበዛበት ነገር በቤት ፍሪዘር በረዶ አይሆንም። የከርከዴውን በረዶ ጠጅ ላይም አትጨምሩት፤ የጌሾውን ጣዕም ይሸፍንበታል። ደግሞ የከርከዴ ቀለም ከነጭ ልብስ በቀላሉ አይለቅም፤ የሀገር ልብስ ለለበሰ እንግዳ ብርጭቆውን እስከ አፉ አትሙሉት።