የመስመር እኩልታ መልክ ስትቀይሩ «ተሻገረ» አትበሉ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጅማ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ የሰፈር ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ቡናው እየፈላ፣ ልጆቹ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ደብተር ጭን ላይ ተዘርግቶ። ባለፈው ሳምንት አንዷ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ቁጥር ከእኩል ምልክቱ ወደ ሌላኛው ጎን ሲሄድ ፕላሱ ማይነስ የሚሆነው ለምንድነው?» አለችኝ። አጠገቧ ያለው ልጅ ቀደመኝና «ስለሚሻገር ነዋ!» አላት። ይሄን መልስ አልወደውም። ቁጥር የትም አይሻገርም።

ገበያ ሄዳችሁ አቮካዶ ኪሎው 40 ብር፣ ማንጎ ኪሎው 60 ብር ነው እንበል። የያዛችሁት 480 ብር ነው። ኤክስ ኪሎ አቮካዶ፣ ዋይ ኪሎ ማንጎ ገዝታችሁ ብሩን ብትጨርሱ፦

40ኤክስ + 60ዋይ = 480

ሁሉንም ለ20 አካፍላችሁ አቅልሉት፦

2ኤክስ + 3ዋይ = 24

ይሄ ስታንዳርድ ፎርም ነው፤ ኤክስና ዋይ በአንድ ጎን፣ ቁጥሩ ብቻውን በሌላው ጎን። ጫፎቹን ለማግኘት ይመቻል፤ ማንጎ ብቻ ከሆነ 8 ኪሎ፣ አቮካዶ ብቻ ከሆነ 12 ኪሎ። ስሎፑ ግን፣ ማለትም ኤክስ በ1 ሲጨምር ዋይ በስንት እንደሚለወጥ የሚናገረው ቁጥር፣ አይታይም። እሱን ለማየት ዋይን ብቻዋን እናስቀራት።

የእኩል ምልክቱን እንደ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን እዩት። ከግራ 2ኤክስ ካነሳችሁ ከቀኝም አንሱ፦

3ዋይ = −2ኤክስ + 24

«ተሻገረ» የሚያስብለው ይሄ ነው። ከሁለቱም ሳህን እኩል ተነሳ እንጂ የተሻገረ የለም።

አሁን ለ3 አካፍሉ። ብዙ ልጅ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ 2ኤክስን አካፍሎ 24ን ይረሳዋል። ሁሉም ይካፈላል፦

ዋይ = −2/3 ኤክስ + 8

ስሎፑ ከኤክስ ፊት ያለው ቁጥር፣ −2/3 ነው። 3 ኪሎ አቮካዶ ለመጨመር 2 ኪሎ ማንጎ ትተዋላችሁ ማለት ነው። ልጅቷ 3 ጊዜ 40፣ 2 ጊዜ 60 ብላ በጣቷ አሰላችና «ሁለቱም 120!» አለች። እኔም ደስ አለኝ።

ወደ ስታንዳርድ ፎርም ስትመለሱ መጀመሪያ ሁሉንም በ3 አባዙ፣ ክፍልፋዩ ይጥፋ። ከዚያ በሁለቱም ጎን 2ኤክስ ደምሩ። አለቀ።

ስሎፕ 2 እና ነጥብ (3፣ −1) ከተሰጣችሁስ? ከዋይ የነጥቡን ዋይ፣ ከኤክስ የነጥቡን ኤክስ ቀንሳችሁ፣ የኤክሱን ልዩነት በስሎፑ አባዝታችሁ ዋይ − (−1) = 2(ኤክስ − 3) ብላችሁ ጻፉ። ሁለቱን ኔጌቲቮች ሳትቸኩሉ ፍቱ፦ ዋይ + 1 = 2ኤክስ − 6። ከሁለቱም ጎን 1 ስትቀንሱ ዋይ = 2ኤክስ − 7 ይሆናል።

ስትጨርሱ አንድ ነጥብ ሞክሩ። በገበያው ምሳሌ ኤክስ 6 ሲሆን ዋይ 4 ነው፤ በሁለቱም መልክ መግጠም አለበት። ካልገጠመ፣ ያካፈላችሁበትን መስመር መጀመሪያ እዩ።