አሮጌው ትራክተር ባኬቱን አላነሳ ሲል፦ ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት

ከሱሉልታ እስከ ሰንዳፋ፣ ከሰበታ እስከ አቃቂ ዳር ዳሩን፣ ፍግ የሚዝቀውም ገረጋንቲ የሚጭነውም ብዙ ጊዜ ፊቱ ላይ ሎደር፣ ማለትም በክንድ የሚነሳ ባኬት፣ የተገጠመለት አሮጌ ትራክተር ነው። ሞተሩ በቀላሉ አይበገርም። ባኬቱን በዘይት ግፊት የሚያነሳው ሃይድሮሊክ ግን አንድ ቀን ይለግማል። ባኬቱ ግማሽ ላይ ይቆማል፣ ወይም ከተነሳ በኋላ ቀስ እያለ ይወርዳል። ያኔ አጠገቡ የቆመ ሁሉ "በቃ፣ ፓምፑ ሞቷል" ይላል። ፓምፕ ደግሞ ከውዶቹ ዕቃዎች አንዱ ነው። የኔ ምክር ፓምፑን መጨረሻ ጠርጥሩት ነው። ከርካሹና በእጅ ከሚደረሰው ጀምሩ።

መጀመሪያ ራሳችሁን ጠብቁ

ባኬቱን መሬት ላይ አሳርፉ። ሞተሩን አጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርጉ። ከዚያ የሎደሩን ሌቨሮች በሁሉም አቅጣጫ ደጋግማችሁ አንቀሳቅሱ። መስመሩ ውስጥ የቀረው ግፊት የሚወጣው እንዲህ ነው። ባኬቱ ከፍ ብሎ መሥራት ግድ ከሆነ ክንዱን በጠንካራ የብረት ድጋፍ አስይዙት። ክሪክ ብቻውን አይታመንም።

ፍሳሽን በእጅ አትፈልጉ። በመርፌ ቀዳዳ ከምታክል ስንጥቅ በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ ነጥብ ብቻ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ላያምም ይችላል። ግን ውስጥ ውስጡን ሥጋ ይገድላል፤ ጣት ወይም እጅ እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ወዲያውኑ ሆስፒታል ሂዱ፣ ለሐኪሙም "በግፊት የተረጨ ዘይት ነው" ብላችሁ ንገሩ። ፍሳሹን ለማግኘት መነጽርና ጓንት አድርጉና ቁራጭ ካርቶን በቱቦው ጎን አሳልፉ። የሚያፈስበት ቦታ ላይ ካርቶኑ ይረጥባል።

ሁሉም ነው የደከመው ወይስ አንዱ?

ምንም ሳትፈቱ ይህን መልሱ። ሎደሩም፣ የኋላው ማረሻ ማንሻም፣ በሃይድሮሊክ የሚሠራ ከሆነ መሪውም አብረው ከደከሙ ችግሩ የጋራ ቦታ ላይ ነው፦ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ፓምፕ ወይም ሪሊፍ ቫልቭ (ግፊት ሲበዛ ዘይቱን የሚያስተነፍሰው)። የኋላው ደህና ሆኖ ሎደሩ ብቻ ከታመመ የሎደሩን ቱቦ፣ ቫልቭና ሲሊንደር እዩ። ግን አንዳንዱ ሎደር የራሱ ፓምፕና የራሱ የዘይት ታንከር አለው። ፓምፑ ብዙውን ጊዜ ከሞተሩ ፊት ለፊት ይገጠማል። እንዲህ ከሆነ የኋላው መሥራት ስለ ሎደሩ ፓምፕ ምንም አይነግራችሁም። ቱቦውን ተከትላችሁ ከየት እንደሚነሳ አረጋግጡ።

እንደ ማሴ ፈርጉሰን 135 ያሉት ደግሞ የራሳቸው አመል አላቸው። ፓምፑ ኋላ ካምቢዮው ዘይት ውስጥ ተቀብሮ ፒቲኦው፣ ማለትም የኋላ መሣሪያዎችን የሚያዞረው ዘንግ፣ ነው የሚያሽከረክረው። የፒቲኦ ሌቨር ካልገባ ሃይድሮሊክ የለም። ሌቨሩ በአጋጣሚ ተነክቶ ወጥቶ "ፓምፑ ተበላ" ተብሎ ትራክተሩ የሚፈታበት ጊዜ አለ። ዘይት ወደ ሎደሩ እንዲሄድም ከመቀመጫው ጎን ያለው የማንሻ ሌቨር ፓምፑ ያለማቋረጥ እንዲገፋ በሚያደርገው ቦታ ላይ መሆን አለበት። ሁለቱን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ዘይቱ ምን ይላል?

መጠኑን የምትለኩት ትራክተሩ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ባኬቱ ወርዶ ነው። ክንዱ ተነስቶ ከለካችሁ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ዘይት ስለማይቆጠር ቁጥሩ ያሳስታችኋል።

ቀጥሎ ዘይቱን በንጹሕ ብርጭቆ ቅዱና በብርሃን እዩት። ወተት የነካው ሻይ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ክረምቱን ሙሉ ደጅ ያደረ ትራክተር ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ የማርሹ ዱላ ጎማ ከተቀደደ ዝናቡ ቀጥ ብሎ ካምቢዮ ውስጥ ይገባል። ዘይቱን ብቻ ቀይራችሁ ጎማውን ካልቀየራችሁ ለሚቀጥለው ሐምሌ ሌላ ዘይት መግዣ አዘጋጁ። አረፋ ከሞላው አየር እየሳበ ነው። ጠቁሮ የቃጠሎ ሽታ ካለው ከመጠን በላይ ሲግል ከርሟል።

የጎደለውን ስትሞሉ የትራክተሩ መጽሐፍ የሚያዘውን ዓይነት ብቻ ተጠቀሙ። ዘይቱ ከካምቢዮው ጋር የጋራ ከሆነ ማርሾቹንም የሚያገለግል ነው መሆን ያለበት። የፍሬን ዘይት ግን ጠብታም እንዳይገባ፤ ዘይት እንዳያልፍ የሚያትሙትን ጎሚኒዎች ያሳብጥና ያበላሻቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በኅዳርና በታኅሣሥ ሱሉልታ ላይ ንጋቱ ውርጭ ነው። ዘይት ይወፍራል፣ ፓምፑም ይጮኻል። ሞተሩን አስነስታችሁ ትንሽ በቀስታ ይሙቅ። ጩኸቱ ከሙቀቱ ጋር ከጠፋ ችግር የለባችሁም።

ጩኸቱ ካልጠፋ

ፓምፑ ዘይት እየጠማው ነው። የመሳቢያውን ፊልትሮ አውጡ። ወንፊት ከሆነ በናፍጣ ታጥቦ በአየር ይነፋል፣ የካርቶን ከሆነ ይቀየራል። ላዩ ላይ የተያዘውን በጣታችሁ እሹት። ጥቁር ጎማ ከሆነ የሆነ ቱቦ ውስጡ እየተላጠ ነው። የሚያብረቀርቅ የብረት ፍንካች ከሆነ ፓምፑን ያን ጊዜ ጠርጥሩ።

ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ አረፋው ከቀጠለ ከታንከሩ እስከ ፓምፑ ያለውን መስመር እዩ። እዚህ ጋ ዘይት ወደ ውጪ አይፈስም፣ አየር ነው ወደ ውስጥ የሚሳበው። ስለዚህ መሬቱ ደረቅ ስለሆነ ደህና ነው አትበሉ። ሞተሩ በቀስታ እየዞረ፣ ከቀበቶና ከማራገቢያ ርቃችሁ፣ መጋጠሚያዎቹ ላይ ወፈር ያለ ዘይት አንጠብጥቡ። ድምፁ የተቀየረበት መጋጠሚያ እሱ ነው።

ተነስቶ የሚወርድ ከሆነ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ክንዱ በራሱ ሲወርድ ወዲያው ሲሊንደሩ ተፈትቶ ጎሚኒ ይቀየራል፣ ክንዱ ግን መውረዱን ይቀጥላል። ምክንያቱን ላስረዳ። የአብዛኛው ሎደር ሲሊንደር በሁለቱም በኩል ዘይት የሚገባበት ነው። ክንዱ ሲወርድ የሲሊንደሩ ዘንግ ወደ ውስጥ ይገባል። ዘንጉ ቦታ ስለሚይዝ ያን ያህል ዘይት ከሲሊንደሩ መውጣት አለበት። የፒስተኑ ጎሚኒ ቢያረጅ እንኳ መውጫው ከተዘጋ ዘይቱ የትም አይሄድም። ክንዱ የሚወርድ ከሆነ እንግዲህ ውጪ የሚታይ ፍሳሽ አለ፣ ካልሆነም ዘይቱ በሌቨሩ ቫልቭ በኩል እያመለጠ ነው።

ባኬቱ በራሱ ወደ ፊት የሚደፋ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። በአብዛኛው ሎደር ባኬቱ ሲደፋ ዘንጉ ወደ ውጪ ይሳባል። ያን ጊዜ የፒስተኑ ጎሚኒ ከቫልቩ እኩል ተጠርጣሪ ነው።

ሌቨሩን ወደ ማንሳት ስትስቡ ክንዱ መጀመሪያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከዚያ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ቫልቩ ውስጥ ያለችው የመመለሻ መከልከያ ቆሽሻለች ወይም ተበልታለች። ብዙ ጊዜ ፈትቶ ማጽዳት ይበቃታል።

ጉልበት ካነሰው

የግፊት መለኪያ ጌጅ ግጠሙ። ቢያንስ 250 ባር የሚያነብ ይሁን፤ የብዙዎቹ አሮጌ ትራክተሮች ግፊት ከ140 እስከ 180 ባር አካባቢ ነው፣ ትክክለኛው ቁጥር መጽሐፉ ላይ አለ። ዘይቱ ከሞቀ በኋላ ባኬቱን እስከ መጨረሻው ሰብስቡና ሌቨሩን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይዛችሁ አንብቡ። ብዙ ከያዛችሁ ዘይቱ ይቃጠላል።

ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ደህና ሆኖ ሲሞቅ የሚወርድ ከሆነ ውስጡ የተበላ ነገር አለ፤ ቀጭን ዘይት በክፍተቱ ያመልጣል። ፓምፑ አሁን ነው ተራው። ቀዝቅዞም ሞቆም እኩል ዝቅ ካለ ግን መጀመሪያ ሪሊፍ ቫልቩን ፈትታችሁ እዩ። ቆሻሻ ይዞ ክፍት ቀርቶ፣ ወይም ስፕሪንጉ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ከስፕሪንጉ ሥር ሮንዴላ ጨምሮ ማጥበቅ የሚወድ መካኒክ ካጋጠማችሁ አስቁሙት። ለጊዜው ያነሳል፣ በኋላ ቱቦ ይፈነዳል ወይም ክንዱ ይጣመማል።

ቱቦና ጎሚኒ ስትገዙ

የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ በቃል አትሂዱ። አሮጌውን ቱቦ ከነመጋጠሚያው ይዛችሁ ሂዱ። የእንግሊዝና የሜትሪክ ጥርስ በዓይን ይመሳሰላሉ፣ አስገድዳችሁ ካጠበቃችሁ ግን ሁለቱም ይበላሻሉ። ቱቦው የሚችለውን ግፊት ላዩ ላይ አንብቡ፤ የውሃ ወይም የአየር ቱቦ አይተካውም። የተፈታውን አፍ ሁሉ በንጹሕ ፕላስቲክ እሰሩ፣ መረሬ አፈርና ክር የሚተው ጨርቅ አይቅረበው።

ከገጠማችሁ በኋላ ሞተሩን በቀስታ አስነሱና ባኬቱን ያለ ጭነት ደጋግማችሁ አንሱ፣ አውርዱ፣ ድፉ፣ ሰብስቡ። የገባው አየር ወደ ታንከሩ ይመለሳል። ባኬቱን አውርዳችሁ ሞተሩን አጥፉና ዘይቱን እንደገና ለኩ። አዲሱ ቱቦና ሲሊንደሩ ስለጠጡ መጉደሉ አይቀርም፤ ሙሉት።