ሮንድ ከመውጣታችሁ በፊት፦ ወረቀቱን፣ ሥልጠናውንና ኢንሹራንሱን እንዴት ታሟላላችሁ

ጅማ ላይ ሮንድ፣ ማለትም የሰፈር የሌሊት ጥበቃ፣ አዲስ ነገር አይደለም። ጊንጆም ሆነ ቦሳ ቂጦ፣ ሰቶ ሰመሮም ሆነ መንደራ ቆጪ፣ ሌብነት ሲበዛ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ተራ ያወጣል። ባትሪ፣ ዱላና ፊሽካ ይዞ ሌሊቱን ሲዞር ያድራል። ደመወዝ የለውም። ሲነጋ ሁሉም ወደየሥራው ይሄዳል።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። አንዱ ተረኛ በጩቤ ቢወጋ ማን ያሳክመዋል? ሌባ ነው ብሎ የያዘው ልጅ እጁ ቢሰበርና ቤተሰቡ ቢከስ ከጎኑ የሚቆመው ማነው? ብዙ ሰፈር ይህን ጥያቄ የሚያነሳው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያዋ የተራ ሌሊት በፊት ምን ምን መጨረስ እንዳለባችሁ በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ።

1. ማን እንዳሰማራችሁ በወረቀት ይታወቅ

የሰፈሩ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይያዝለት። የተረኞቹ ሙሉ ስም፣ የምትጠብቁት ቦታ ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደምትወጡ፣ አስተባባሪው ማን እንደሆነና ከፖሊስ በኩል የምትገናኙት ማን እንደሆነ ይጻፍበት። ቀበሌው ማኅተም ያድርግበት፤ አንድ ኮፒ ፖሊስ ጣቢያ ይግባ፤ ሌላው እናንተ ጋ ይቅር። የቀበሌው የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ደብዳቤውን ከመጀመሪያው በዚያው አዘጋጁት፣ በኋላ ለማስተርጎም ከመሯሯጥ ትድናላችሁ።

ወረቀቱ ለምን ያስፈልጋል? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 2126 ጀምሮ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ በሰው ላይ ጉዳት ሲያደርስ መቼ መንግሥት እንደሚጠየቅ፣ መቼ ደግሞ ሠራተኛው ራሱ ብቻ እንደሚጠየቅ ይናገራል። በጎ ፈቃደኛ ግን የመንግሥት ሠራተኛ አይደለም። በእጁ ምንም ከሌለ በሕግ ፊት ሌሊት ዱላ ይዞ መንገድ ላይ የተገኘ ግለሰብ ነው። ደብዳቤው መንግሥት ካሳ ይከፍልላችኋል ማለት አይደለም፤ ግን በማን ዕውቅና፣ ለምን ሥራ እንደወጣችሁ ያሳያል። በፍርድ ቤትም በኢንሹራንስ ቢሮም መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ለዩ። ሰፈሩ ገንዘብ አዋጥቶ በየወሩ የሚከፍለው ዘበኛ ከሆነ በጎ ፈቃደኛ አትበሉት። ደመወዝ እየተከፈለው ለሌላ ሰው የሚሠራ ሰው ሠራተኛ ነው፣ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በኩል ሊጠይቅ ይችላል። ያለ ክፍያ የሚወጣው ሰው ይህ በር አይከፈትለትም፣ ጡረታም የለውም። ኢንሹራንሱን አጥብቄ የማነሳው ለዚህ ነው።

2. ምን ማድረግ እንደምትችሉ እወቁ

ይሄኛው ክፍል ረዘም ይላል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ራሱን ጣጣ ውስጥ የሚከተው።

ማንም ሰው፣ ፖሊስ ባይሆንም፣ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ወንጀለኛን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝ ይችላል። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 50 ይህን ይፈቅዳል፣ ወንጀሉ ከ3 ወር በማያንስ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ። እጅ ከፍንጅ ሲባል ሲሠራ፣ ሊሠራ ሲሞክር ወይም ገና ሠርቶ እንደጨረሰ የተገኘ ነው። «ሌባ! ያዙት!» ተብሎ እየተጮኸ፣ ሰው እያባረረው ያለም በዚሁ ይቆጠራል። በትናንትናው ስርቆት የጠረጠራችሁትን ልጅ ግን ዛሬ ማታ መንገድ ላይ አስቁማችሁ መያዝ አትችሉም። እሱን ለፖሊስ ትጠቁማላችሁ፤ ወንጀል ማመልከት የማንም ሰው መብት ነው።

ከያዛችሁ በኋላ ሳትዘገዩ ቅርብ ላለው ፖሊስ ጣቢያ ማስረከብ አለባችሁ። ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ቆልፎ ማሳደር፣ ግንድ ላይ ማሰር፣ «እስኪነጋ እዚሁ ይቆይ» ማለት ሁሉ አደገኛ ነው። ሰውን ያለ ሕግ ይዞ ማቆየት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 585 ያስጠይቃል። ያስረከባችሁበትን ሰዓትና የተቀበላችሁን ፖሊስ ስም መዝግቡ። የተያዘው ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ሕገ መንግሥቱ ይደነግጋል፣ ሰዓቱም መቼ እንደጀመረ የሚጠየቀው ሰው ከእናንተ አንዱ ሊሆን ይችላል።

መፈተሽ የፖሊስ ሥራ ነው። ፖሊስም ቢሆን ቤት ለመፈተሽ፣ ሕጉ ለይቶ ካስቀመጣቸው ሁኔታዎች በቀር፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይፈልጋል። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ አምሽቶ የሚመለስን ተማሪ «ቦርሳህን ክፈት፣ ስልክህን አሳይ» ማለት ጥበቃ አይደለም። ሰላምታ ስጡት፣ ወዴት እንደሚሄድ በጨዋ ደንብ ጠይቁት፤ አልመልስም ካለ ልቀቁት። የሚያሳስብ ነገር ካያችሁ ጣቢያ ደውሉ።

ኃይል መጠቀምን በተመለከተ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ራስን ወይም ሌላውን ሰው መከላከልን ይፈቅዳል። ግን ጥቃቱ ሕገ ወጥ፣ የተጀመረ ወይም አሁኑኑ የሚደርስ መሆን አለበት፣ በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል መሆን አለበት፣ የእናንተም ምላሽ ከጥቃቱ ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት። ሰውየው ወድቆ ከተያዘ በኋላ የምታሳርፉት አንዲት ምት መከላከል አይደለችም። ከመጠን ያለፈ ሰው ጉዳዩ በአንቀጽ 79 ይታያል፤ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት፣ ያለፈውም በጥቃቱ ደንግጦ ወይም ፈርቶ ከሆነ ጭራሽ ላይቀጣው ይችላል። በዚህ ተማምኖ መውጣት ግን አያዋጣም።

ሐሙስ ገበያ ላይ ኪስ አውላቂ ሲያዝ አይታችሁ ይሆናል። ሰው በደቂቃ ይሰበሰባል፣ ከየአቅጣጫው ጡጫና ድንጋይ ይመጣል። በእንዲህ ያለ ሰዓት የእናንተ ትልቁ ሥራ የተያዘውን ሰው ከደቦው መከላከል ነው። እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመቆጠር መብት አለው። እናንተ እያያችሁ ተደብድቦ ቢሞት «እኔ አልመታሁም» ማለት ከምርመራ አያድንም፣ ከኅሊናም አያድንም። ፎቶውን አንስታችሁ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ።

ስለ ጠመንጃም በአጭሩ፦ ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ይዞ የሚወጣ ተረኛ ካለ አብራችሁት አትውጡ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ለበጎ ፈቃደኛ የተለየ ምሕረት የለውም።

3. ሥልጠናውን ራሳችሁ ጠይቁ

ማንም መጥቶ አያሠለጥናችሁም። ደብዳቤ ጻፉና ጣቢያውን ጠይቁ፤ የኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ ሥራ የያዙት ፖሊሶች ሰው ከተሰበሰበላቸው ለማስረዳት ፈቃደኞች ናቸው። ሦስት ነገር እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ሰው ሳይጎዳ እንዴት እንደሚያዝ፣ ወንጀል የተፈጸመበት ቦታ እንዴት ሳይነካካ እንደሚጠበቅ፣ ያያችሁትን ለምስክርነት በሚሆን መልኩ እንዴት እንደምትመዘግቡ። የሕጉን ክፍል ደግሞ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት በሚሰጠው ነፃ የሕግ ድጋፍ በኩል መጠየቅ ይቻላል።

ለመጀመሪያ እርዳታ ቀይ መስቀልን አነጋግሩ። የሚፈስ ደም ማቆምን፣ የተሰበረን እጅና እግር ሳያባብሱ ማንሳትን ቢያንስ በእያንዳንዱ ተራ አንድ ሰው ማወቅ አለበት። ጅማ ላይ ሌሊት የሚጎዳችሁ ደግሞ ሌባ ብቻ አይደለም። ዝናብ ያለበት ሌሊት፣ ጭቃውና ክዳን የሌለው ቦይ አለ፤ ውሻም አለ። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ሄዶ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይጠይቅ። ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል።

ሥልጠና በተሰጠ ቁጥር የተገኙት ሰዎች ስምና ፊርማ ያለበት ወረቀት ይቀመጥ። ነገ «ያልሠለጠነ ሰው አሰማራችሁ» ሲባል መልሱ እሱ ነው።

4. ኢንሹራንሱ

በመጀመሪያ እያንዳንዱ ተረኛ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርዱ መታደሱን ያረጋግጥ። ይህ መድን በ2003 በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከጅማ ዞን ሊሙ ኮሳ አንዷ ነበረች፣ ስለዚህ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። ግን የሚሸፍነው ሕክምና ነው። ሥራ ፈትቶ የተኛበትን ወር፣ አካል ቢጎድል ወይም ሰው ቢሞት ለቤተሰብ የሚሆን ካሳ አይሸፍንም።

ያንን የሚሸፍነው የቡድን የግል አደጋ ኢንሹራንስ የሚባለው ነው። የኢትዮጵያ መድን ድርጅትን ጨምሮ ጅማ ላይ ቅርንጫፍ ያላቸው ኩባንያዎች አሉ፣ ቢያንስ ከሁለት ቦታ ዋጋ ጠይቁ። በሠራተኞች ኢንሹራንስ ካሳው የሚሰላው ከደመወዝ ነው፣ እናንተ ደመወዝ የላችሁም፤ ስለዚህ ለሞት ይህን ያህል፣ ለቋሚ የአካል ጉዳት ይህን ያህል፣ ለሕክምና እስከዚህ ድረስ ተብሎ በቁርጥ የሚጻፍ ውል ጠይቁ። ዓረቦኑን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የሚከፈለውን ገንዘብ፣ እድሩ ቢከፍል ጥሩ ነው። የተመዘገበና ማኅተም ያለው እድር ውሉን በራሱ ስም መግባትም ይችላል፣ መተዳደሪያ ደንቡ ላይም በጥበቃ ላይ ለተጎዳ አባል ምን እንደሚደረግ አንድ አንቀጽ ቢጨምር ይመረጣል።

ከመፈረማችሁ በፊት የማይሸፍነውን ዝርዝር አስነብቡ። ውሉ በእንግሊዝኛ ከሆነ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ይብራራላችሁ፣ አትፈሩ፣ ገንዘቡ የእናንተ ነው። በተለይ «ሁከትና ብጥብጥ» የሚለውን ፈልጉ። ብዙ ውል እሱን ከሽፋን ውጭ ያደርጋል፤ ለሮንድ ሰው ደግሞ ዋናው አደጋ ከዚያ አይርቅም። በሌሊት ድብድብ የሚደርስ ጉዳት ይካተታል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ሽፋኑ በተራ ሰዓት ብቻ ነው ወይስ 24 ሰዓት? ጠጥቶ የተገኘስ? በሌሊት ጥበቃ እንደምትሠሩ ግን አትደብቁ። ዓረቦን እንዲቀንስ ብሎ የደበቀ ሰው አደጋው ሲደርስ ውሉ ሊፈርስበት ይችላል።

እናንተ በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሱት ጉዳት የኃላፊነት ኢንሹራንስ የሚባል አለ፣ ጠይቁ። ሆን ብላችሁ ለመታችሁት ሰው ግን የትኛውም ኢንሹራንስ አይከፍልም፣ እስራት ቢፈረድባችሁም ኢንሹራንስ አይታሰርላችሁም።

መኪና ወይም ባጃጅ የገጨው ተረኛ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ተጠቃሚ ነው። ሰሌዳውን ያዙ። ገጭቶ ቢያመልጥም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት የተቋቋመ ፈንድ ስላለ «ሰሌዳውን አላየንም» ብላችሁ አትተዉት፤ ለትራፊክ ፖሊስ አመልክቱ።

5. አንድ ነገር ሲደርስ

መጀመሪያ ሕክምና። ከባድ ከሆነ በቀጥታ ወደ ጅማ ሜዲካል ሴንተር ድንገተኛ ክፍል። የሕክምና ካርዱ ላይ ጉዳቱ እንዴት እንደደረሰ በትክክል ይጻፍ፣ «ወደቀ» እና «ተወጋ» የተለያዩ ናቸው። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ቃል ስጡ፤ የተጻፈውን ሳታነቡ ወይም ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ። ለኢንሹራንሱ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ደረሰኝ ሁሉ ይቀመጥ። የጉዳት ካሳ በፍርድ ቤት ለመጠየቅ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ 2 ዓመት ነው፣ በሽምግልና እያላችሁ እንዳያልፍባችሁ።

ምስክር ሆናችሁ ዛቻ ከመጣባችሁ ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ንገሩ። ለከባድ ወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ የሚሰጥ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ።

የተረኞችን ስም ዝርዝር ደግሞ በየወሩ እዩት። አዲስ ሰው ሲገባ ስሙ ወደ ቀበሌውም፣ ወደ ጣቢያውም፣ ወደ ኢንሹራንሱም ይላክ። «ዛሬ ወንድሜ ታሟል፣ እኔ ልተካው» ብሎ የሚመጣ ጎረቤት ስሙ ውሉ ላይ የለም፣ ስለዚህ አመስግናችሁ ወደ ቤቱ መልሱት።