ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት ይከፋፈላል?

የእህቴ ልጅ አምስተኛ ክፍል ናት። በቀደም ደብተሯን ይዛ መጣችና አንድ ቃል በጣቷ አሳየችኝ፤ «ትራንስፖርቴሽን»። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ 14 ፊደል ነው። ቃሉን ስትሰማው ታውቀዋለች። ያስደነገጣት የፊደሉ ብዛት ነው።

መጀመሪያ በትርጉም ቁረጡት። ይህን በአማርኛም እናውቀዋለን፤ «አልሰበረም» ውስጥ «አል» እና «ም» ሲነሱ «ሰበረ» ይቀራል። እዚህም ከፊት «ትራንስ» አለ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ማሻገር ነው። ከኋላ ያለው «ኤሽን» ድርጊቱን ስም ያደርገዋል። መሀል ላይ «ፖርት» ይቀራል፤ ከላቲን የመጣ ነው፣ መሸከም ማለት። ይቺን ቁራጭ ያወቀ ልጅ ብዙ አተረፈ። ኢምፖርት ወደ ውስጥ፣ ኤክስፖርት ወደ ውጭ መሸከም ነው።

ቀጥሎ በድምፅ። እጃችሁን አገጫችሁ ሥር አድርጉና ቃሉን ቀስ ብላችሁ በሉት። አገጭ በወረደ ቁጥር አንድ ቀለም፣ ማለትም አንድ ሲላብል፣ ቁጠሩ። ትራንስ፣ ፖር፣ ቴ፣ ሽን። አራት። የ«ፖርት» መጨረሻ ድምፅ ወደ ቀጣዩ እንደሄደ ልብ በሉ። የትርጉሙና የድምፁ መቁረጫ ሁሌ አንድ ቦታ አይደለም። ስለዚህ በሁለት መስመር ለየብቻ ጻፏቸው።

እኛን በተለይ የሚያሳስተን እዚህ ጋ ነው። ተነባቢዎች ሲደራረቡ አናባቢ እንጨምራለን፤ «እስፖርት» የምንለው ለዚህ ነው። በእንግሊዝኛ ግን አንድ ቀለም ብቻ ነው። አናባቢ ፊደልም አትቁጠሩ፣ የሚሰማውን ድምፅ ቁጠሩ። «ኔም» ሲጻፍ ሁለት አናባቢ ፊደል አለው፣ የሚሰማው ግን አንድ ነው።

በሁለት አናባቢ መካከል ሁለት ተነባቢ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ መሀላቸው ቁረጡ፤ ዶክ፣ ተር። አንድ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል፤ ሆ፣ ቴል። ኤስና ኤች ተጣምረው «ሽ» ሲሆኑ ግን እንደ አንድ ድምፅ ያዟቸው፣ አትነጣጥሏቸው።

ከዚያ «ኢንተርናሽናል»ን ሰጠኋት። በትርጉም ሦስት አደረገችው፤ «ኢንተር»፣ «ኔሽን»፣ «አል»። አገጯን ይዛ ስትቆጥር አምስት አገኘች። ቀና ብላ «ለብቻው ሲሆን ኔሽን፣ እዚህ ሲገባ ለምን ናሽን ሆነ?» አለችኝ። «አል» ሲጨመርበት የፊተኛው አናባቢ ድምፁ ስለሚለወጥ ነው አልኳት። አጻጻፉ ግን ያው ነው፤ ቁራጩን በዓይን ማግኘት የቻለችውም ለዚህ ነው።