በድሬዳዋ ገጠር ትምህርት ቤቶች የተማሪ ውጤት ሲተነተን መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

የተፈተኑትን ብቻ መቁጠር። ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። መስከረም ላይ 8ኛ ክፍል 52 ተማሪ ተመዝግቦ፣ ሰኔ ላይ 40ው ለፈተና ቢቀመጡና 34ቱ ቢያልፉ፣ ሪፖርቱ «85 በመቶ አልፈዋል» ይላል። ከተመዘገቡት ሲሰላ ግን 65 በመቶ ነው። 12 ልጆች ከወረቀቱ ጠፍተዋል ማለት ነው፤ ልጆቹ ደግሞ ቀበሌው ውስጥ አሉ። ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ያቅርቡ። ያቋረጡትን በስም፣ ባቋረጡበት ወርና በምክንያት ይመዝግቡ፦ ከብት ጥበቃ ነው፣ ውሃ መቅዳት ነው፣ ጫት ለቀማ ነው፣ ጋብቻ ነው? ወሩ ከታወቀ ወላጅ መምህር ኅብረቱ በሚቀጥለው ዓመት ቀድሞ ቤት ለቤት መሄድ ይችላል።

በአንድ ዓመት ለውጥ መደሰት ወይም መደንገጥ። 20 ተፈታኝ ባለበት ትምህርት ቤት አንድ ልጅ 5 በመቶ ነው። ከ70 ወደ 80 ወጣ ማለት ሁለት ልጆች ተጨመሩ ማለት ነው። የሦስት ዓመቱን ደምረው ይዩ።

ማጠናከሪያ ትምህርትን ለ6ኛና ለ8ኛ ክፍል ብቻ መስጠት። ማንበብ ሳይችል 6ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ የሒሳቡን ጥያቄም አይረዳውም። ከ2ኛ ክፍል ይጀምሩ፦ ያላየውን አጭር ምንባብ ለአንድ ደቂቃ ያስነብቡት፣ በትክክል ያነበባቸውን ቃላት ይቁጠሩ፣ ስላነበበው ሁለት ጥያቄ ይጠይቁት። ምንባቡ ልጁ በሚማርበት ቋንቋ ይሁን፤ የቃላቱ ርዝመት ስለሚለያይ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ የሚያነቡ ልጆችን በቃላት ቁጥር አያወዳድሩ። ሰዓቱንም ያስቡበት። በበጋ ከምሳ በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚሰጥ ትምህርት ለመምህሩም ለተማሪውም ድካም ነው፤ ጠዋት ይሻላል።

ፈተና አርሞ ማርኩን ብቻ መሙላት። የስህተቱን ዓይነት ካላዩት የፈተናው ግማሽ ጥቅም ይባክናል። ከ30 ተማሪ 18ቱ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብለው ከጻፉ፣ ላይን ከላይ ታችን ከታች እየደመሩ ነው። ይህ የስንፍና ምልክት አይደለም፣ የጋራ ታህት (የክፍልፋዮቹን የታች ቁጥር አንድ ዓይነት ማድረግ) አልገባቸውም። በወረቀት ማጠፍ እንደገና ይማሩት። ከግማሽ በላይ ተማሪዎች የሳቱትን ጥያቄ ሁሉ በዚያው ሳምንት እንደገና ማስተማር ያስፈልጋል።

ለተማሪው አዝኖ በተከታታይ ምዘና ማርክ መጨመር። በክፍል 85፣ በዋናው ፈተና 40 የሚያመጣ ልጅ ድክመቱን የሚያውቀው ሰኔ ላይ ነው፣ ያኔ ደግሞ ማገዝ አይቻልም። ሱፐርቫይዘሮች ሁለቱን ማርክ በየትምህርት ዓይነቱ አነጻጽረው፣ ልዩነቱ የሰፋበትን መምህር ሳያሸማቅቁ፣ ቀጣዩን ምዘና አብረውት ያዘጋጁ።