ሜሪላንድ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ለምትሰጡ፦ ከኖቬምበር በፊት ያለው ምርጫ

ቃለ መሐላ ፈጽማችሁ ሲቲዝን ከሆናችሁ እንኳን ደስ አላችሁ። ይህን የምጽፈው ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢዋ ላላችሁ ነው። ቨርጂኒያና ዲሲ ሕጉ ይለያል።

ግሪን ካርድ ላይ ያላችሁ ግን ጠብቁ። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ለምርጫ መመዝገብ ትፈልጉ እንደሆነ ትጠየቃላችሁ። ወረፋው ቢያጣድፋችሁም «አልፈልግም» በሉ። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ብሎ መመዝገብ ወንጀል ነው። የዜግነት ማመልከቻው ላይም ይጠየቃል።

ለዜጋ ምዝገባው ቀላል ነው። በስቴቱ የምርጫ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ በመንጃ ፈቃድ ያልቃል። ሰው የሚሰናከለው ፓርቲ በምትጠይቀው አንዲት ጥያቄ ነው።

ብዙ አበሻ እዚህ ሲደርስ ይጨነቃል። አገር ቤት ፓርቲ መግባት መዋጮ አለው፣ ስብሰባ አለው፣ ጣጣም አለው። ስለዚህ «የማንም አይደለሁም» የሚለውን መርጦ ያልፋል። እዚህ ግን መዋጮም ስብሰባም የለም። ጥያቄዋ የምትወስነው በፕራይመሪ ቀን የትኛው የድምፅ መስጫ ወረቀት እንደሚሰጣችሁ ነው። ፕራይመሪ ፓርቲዎች ለኖቬምበሩ ዋና ምርጫ የሚያቀርቡት ሰው የሚለይበት ምርጫ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ዝግ ነው፤ የፓርቲዎቹን ዕጩ የሚመርጠው በዚያ ፓርቲ የተመዘገበ ብቻ ነው። ፓርቲ ያልመረጠ ሰው ቢበዛ ስኩል ቦርድን (የትምህርት ቤቶቹን ቦርድ) ይመርጣል።

«ኖቬምበር ላይ እመርጣለሁ» የሚል መልስ ሁሌ እሰማለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ዴሞክራቶች በጣም ይበዛሉ። የእነሱን ፕራይመሪ ያሸነፈ ሰው ኖቬምበርን ያሸንፋል ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዚሁ ፕራይመሪ ለካውንቲው ሥራ አስፈፃሚነት ማርክ ኤልሪችና ዴቪድ ብሌር ተወዳደሩ። ድምፁ እንደገና ተቆጥሮ ኤልሪች በ32 ድምፅ አሸነፉ። ኖቬምበር ላይ ግን በሰፊ ልዩነት አለፉ። ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብና ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ በጀት ያለው ካውንቲ ነው። 32 መራጭ ደግሞ ከአንድ ዕድር አይጠፋም።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው። በምትኖሩበት ሰፈር ወሳኙ ፕራይመሪ የየትኛው ፓርቲ እንደሆነ አጣሩና እዚያ ተመዝገቡ። ኖቬምበር ላይ የፈለጋችሁትን ሰው መምረጥ ትችላላችሁ። ፓርቲ ለመቀየር ግን ቢያንስ ከምርጫው 21 ቀን በፊት ማመልከት አለባችሁ። አዲስ ተመዝጋቢ በምርጫው ዕለትም መመዝገብ ይችላል፤ ፓርቲ መቀየር ግን ያኔ አይቻልም።

ከምርጫው በፊት የድምፅ መስጫው ናሙና በፖስታ ይመጣል። ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር አትጣሉት። አንድ ማታ ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብላችሁ ስም በስም እዩት። ፕሬዝዳንቱንማ ሁሉም ያውቀዋል። በ2023 የብዙ አፓርታማዎች ኪራይ በዓመት ከ6 በመቶ በላይ እንዳይጨምር የደነገገው ግን የካውንቲው ካውንስል ነው። እኔ መጀመሪያ የማነበው የካውንስል ዕጩዎችን ነው። ደጅ ላይ የሚወረወረውን የቅስቀሳ ካርድ አላምነውም። ነባር አባል ከሆነ በኪራይ፣ በትምህርት ቤት፣ በአውቶቡስ ጉዳይ ምን ብሎ ድምፅ እንደሰጠ ፈልጉ። የተላከው እናንተን ወክሎ ነውና ይመዘን።

ሥራ የሚበዛባችሁ ከምርጫው ቀን አስቀድሞ ድምፅ የሚሰጥበትን ጊዜ ተጠቀሙ። ለ8 ቀን ክፍት ነው፤ ቅዳሜና እሑድም አለበት። እናት ወይም አባት እንግሊዝኛ የማያነቡ ከሆነ የመረጡትን ረዳት ይዘው መግባት በፌዴራል ሕግ መብታቸው ነው። ረዳቱ ግን አሠሪያቸው ወይም የሠራተኛ ማኅበራቸው ሰው መሆን የለበትም። አደራ፣ ስትረዱ አንብቡላቸው እንጂ አትምረጡላቸው።

ወረቀቱ ላይ ለእያንዳንዱ ቦታ ስንት ሰው እንደሚመረጥ ተጽፏል። ከዚያ በላይ ከሞላችሁ ለዚያ ቦታ የሰጣችሁት ድምፅ አይቆጠርም። ጀርባውንም ገልብጣችሁ እዩ።

ማንን እንደመረጣችሁ ማንም አያውቅም። መምረጥ አለመምረጣችሁ ግን በመዝገብ ይያዛል። ዕጩዎች በር የሚያንኳኩት ያንን ዝርዝር ይዘው ነው። ድምፅ የማይሰጥ ሕንፃ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። አፓርታማ በቀየራችሁ ቁጥርም አድራሻችሁን እዚያው ድረ ገጽ ላይ አስተካክሉ፤ የምርጫ ዲስትሪክታችሁ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።